የጀውሃ ድልድይ አልፈረሰም

ሩቂያ «እርከን» ለሚባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ከሸዋ ሮቢት ስትዘግብ የኖረች ናት። ድሮ ሥራው ልክ ነበረው። ማክሰኞ ዜናዋን ትልካለች፤ ቅዳሜ ጋዜጣው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ስህተት ከተገኘ በሚቀጥለው ሳምንት ይታረማል። ወረቀት ሲወደድ ግን ጋዜጣው በወር አንዴ ብቻ መታተም ጀመረ፤ የቀረው ሁሉ ወደ ፌስቡክና ቴሌግራም ገባ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አርፎ አያውቅም። የኦንላይኑን ክፍል የምትመራው ብሌን የምትባል ወጣት ናት። አዲስ አበባ ተቀምጣ ጠዋት «ምን አለ?» ትላለች፤ ከሰዓት «ሌላስ?» ትላለች። ሩቂያ ማሾ የሚያመርቱ ገበሬዎች በመስኖ ውሃ የገጠሙትን ክርክር፣ በፀሐይ ዞራ አጣርታ ብትልክላት፣ «ውዴ፣ ይሄን ሁሉ ማን ያነባል? በአራት መስመር አድርጊልኝ» አለቻት። ሩቂያ በአራት መስመር አደረገችው። ክርክሩ ከነምክንያቱ ወጥቶ ውሃው ብቻ ቀረ።

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ጎረቤቷ አብዱረዛቅ ልጁን ሳፊያን ይድር ነበር። ሰውየው በሽንኩርት ንግድ በአካባቢው የታወቀ ነው። ሙሽራው የማጀቴ ልጅ ስለሆነ አጃቢዎቹ በጀውሃ ድልድይ በኩል ከዙህር ሶላት በፊት ይደርሳሉ ተብሎ ድንኳን ተጥሏል፣ በሬ ታርዷል። ሌሊቱን ግን ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ አደረ። ሩቂያ ለሠርጉ የሰፋችውን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ሻሿን ስታስተካክል ብሌን ደወለች። የጀውሃ ድልድይ በጎርፍ ተወስዷል የሚል ወሬ በየገጹ እየዞረ መሆኑን፣ ፎቶም እንዳለ ነገረቻት። ሩቂያ ፎቶውን አየችው። ፎቶው ላይ ያለው ቀጭን የእንጨት ድልድይ ነው፤ ጀውሃ ያለው የአስፋልት ድልድይ ነው። የሌላ አገር ሳይሆን አይቀርም አለቻት። ሄጄ ልየው፣ እስከዚያ ምንም እንዳትጽፊ ብላ አጥብቃ ተናግራ እንደለበሰችው ወደ መናኸሪያ ሄደች።

መናኸሪያው ሚኒባሶች ተደርድረውበታል፤ ወደ ጀውሃ የሚሄድ ግን የለም። ወያላዎቹ ድልድዩ ፈርሷል ብለው ተሳፋሪውን ያወርዳሉ። ማን አላችሁ ብትል አንዱ ስልኩን ዘረጋላት። የ«እርከን» ገጽ ነው። ሰበር ዜና፤ የጀውሃ ድልድይ ተደረመሰ። ከሥሩ ያ የእንጨት ድልድይ። ከፎቶው ሥር ደግሞ፣ ሩቂያ፣ ከሸዋ ሮቢት።

ሩቂያ ደሟ ፈላ። እዚያው ቆማ ብሌን ጋ ደወለች። ብሌን አልደነገጠችም። ሌሎች ገጾች ቀድመዋቸው እንደነበር፣ ስሟን ያስገባችውም ሩቂያ ወደ ቦታው እየሄደች ስለሆነ እንጂ ለክፋት እንዳልሆነ አስረዳቻት። አጥፊው ብትላት፣ ብዙ ሰው አይቶታልና ማጥፋት ገጹን ይጎዳል አለች። ጥቂት ቆይታ ግን መልሳ ደወለችና ማስተካከሏን አበሰረቻት። ሩቂያ ገጹን ከፈተች። ከርዕሱ መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት ተጨምሯል።

ይህን እያየች አብዱረዛቅ ደወለ። ማጀቴ ሙሽራውና አጃቢዎቹ መኪና ውስጥ ገብተው ሊነሱ ሲሉ ወሬውን አንብበው መውረዳቸውን፣ ሽማግሌዎቹም ሠርጉ ለሌላ ሳምንት ይተላለፍ ማለታቸውን ነገራት። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ የከፋው ሰው ድምፅ ነበር።

«ሩቂያ፣ ግድግዳችን አንድ አይደል?» አላት። «ድልድዩ ከፈረሰ ለእኔ ቀድመሽ ምነው ሳትነግሪኝ?»

ምን ትበለው? እኔ አልጻፍኩም ብትለው ስሟ ተጽፏል። አልፈረሰም ብትለው ገና አላየችውም። እስቲ ጋሼ፣ ትንሽ ታገሡኝ ብላ ዘጋች።

በመጨረሻ ዮሴፍ የሚባል ባለ ባጃጅ፣ ካልሆነ እመለሳለሁ ብሎ ወሰዳት። መንገዱ ላይ ጭቃና ድንጋይ አለ፤ ዮሴፍ በየጉድጓዱ ጋዜጠኞችን ይራገማል። ጀውሃ ሲደርሱ ወንዙ ቀይ ሆኖ ሞልቷል፣ ምሰሶው ሥር የግራር ቅርንጫፍ ተቀርቅሯል። ድልድዩ ግን ትናንት እንደነበረው ነው። አንዱ ምግብ ቤት ውስጥ እዚያው ያደሩ ሾፌሮች ቁርሳቸውን እየበሉ አገር ሰላም ብለው ተቀምጠዋል።

ወዲያው የሙሽራው አባት ሐጂ ሙዓዊያ ጋ ደወለች። ድልድዩ ላይ ቆሜ ነው የማናግርዎት፣ ይምጡ አለቻቸው።

ሐጂ በእርጋታ አዳመጧት። «ልጄ፣ ጠዋት ፈረሰ አልሽ። አሁን ቆሟል ትያለሽ። የትኛዋን ሩቂያ ልመን?»

ወላሂ ብላ ብትምልላቸውም፣ የሰው ልጅ ጭኖ ጎርፍ የሚገባ ሾፌር የለም ብለው በትሕትና ተሰናበቷት። ያን ጊዜ ሩቂያ ትዕግሥቷ አለቀ። በሥራዋ ዘመን ሁሉ ፊቷን ለካሜራ ሰጥታ አታውቅም፤ የምታፍር ሰው ናት። ስልኳን ለዮሴፍ ሰጠችውና ዘጋቢዎች ማሰራጨት እንጂ ማጥፋት በማይችሉበት በጋዜጣው ገጽ ላይቭ ገባች። ጠዋት ማለፊያ የነበረው ሻሿ ወደ ጆሮዋ ተንሸራቷል፣ የቀሚሷ ጫፍ ጭቃ ነው።

«ሩቂያ እኔ ነኝ» አለች። «የቆምኩት ጀውሃ ድልድይ ላይ ነው። ፈረሰ ብሎ በስሜ የጻፈው የራሴ ጋዜጣ ነው። አልፈረሰም። ይኸው።» አስፋልቱን በእግሯ ረገጥ ረገጥ አደረገችው። ከኋላዋ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። «ሐጂ ሙዓዊያ፣ ይህን የሚያዩ ከሆነ ልጅዎን ይዘው ይምጡ። ሙሽራዋ ተቀምጣለች።»

ቪዲዮው ማጀቴ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ሐጂ እየሳቁ ደወሉ። አጃቢዎቹ ዐሥር ሰዓት ገደማ ሮቢት ገቡ፤ ምግቡን ሁለቴ አሙቀውት ነበር። ኒካሁ ታሰረ። አብዱረዛቅ በደጅ ሲያገኛት ቀጥታ አላያትም፤ ሳህን ግን ራሱ ሞልቶ አመጣላት፤ እሷም ተቀበለችው።

ገና ሁለት ጉርሻ ሳትጎርስ ብሌን ደወለች። ደስታ ፈንቅሏታል። ገጹ ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ የታየ ነገር የለም፤ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ላይቭ ትገቢያለሽ አለች። አንዲት ነገር ብቻ፣ «የራሴ ጋዜጣ» የሚለውን ቆርጠን ብናወጣው ምን ይመስልሻል?

ሩቂያ ሳህኑን አስቀመጠች። «ብሌን፣ ስሚኝ። አየሁ ሳልልሽ ስሜ ከወጣ፣ ከዚህ አገር አንዲት መስመር አታገኚም። ያንንም ብትቆርጪው እንደዚያው።»

ብሌን አለቃዬን ልጠይቅ አለች። ሩቂያም ጠይቂ አለቻትና ስልኩን ዘጋችው። ሳምንቱን ሙሉ ምንም አልላከችም። ብሌን ስትደውል አታነሳም። በስምንተኛው ቀን ከብሌን እሺ የሚል መልእክት መጣ፤ ቪዲዮውም ሳይቆረጥ ቀረ፤ የድልድዩም ዜና ከነጥያቄ ምልክቱ ጠፋ። ረጅሙ የመስኖ ዘገባ ግን እስካሁን አልወጣም።

በቀደም ሰኞ ገበያው ተቃጠለ የሚል ወሬ ተነሣ። ብሌን ደወለች። አይተሽዋል? ሩቂያ ገና ነኝ አለቻት። እሺ እንጠብቃለን፣ ስምሽን አናስገባም አለች ብሌን፤ ሩቂያም ተገርማ ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች። አንዱን አጥልቃ ሌላውን ሳታነሣ ስልኩ ጮኸ፤ ብሌን ናት።

«አየሽ?»