የግራ እጥፍ

ስልኩ በሽርጧ ኪስ ውስጥ በነዘረ ቁጥር ጭምቷም አብራ ትነዝራለች። ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ መጸዳጃ ቤት ገብታ ወጥታለች። ለአምስተኛ ጊዜ ስትነሳ መሣሪያ አጣቢዋ ቀና ብላ «ምነው፣ ሆድሽን ነው እንዴ?» አለቻት።

«አዎ፣ ትንሽ።»

ውሸት አልነበረም፣ ሆዷ ነበር። ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር ግን በኪኒን የሚወጣ አይደለም።

የሚሠሩበት ክፍል የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት ነው። ከኦፕራሲዮን የሚመጡ መቀሶችና መቆንጠጫዎች እዚህ ይታጠባሉ፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ይጠቀለላሉ፣ ከዚያ የእንፋሎት ማሽኑ ውስጥ ገብተው ይቀቀላሉ። ጥቅሉ በሚታሸግበት ፕላስተር ላይ ፈዘዝ ያሉ መስመሮች አሉ፤ ሙቀቱ በወጉ ከደረሳቸው ይጠቁራሉ። ካልጠቆሩ ጥቅሉ «ጥሬ» ይባላል፣ ጥሬ ደግሞ ሰው ሆድ ውስጥ አይገባም። ፕላስተሩ ላይ የጠቀለለችው ሴት ስሟን ከነአባቷ በማርከር ትጽፋለች። ደንብ ነው፤ ነገ አንድ ነገር ቢመጣ የማን እጅ እንደሆነ እንዲታወቅ።

ጭምቷም ስም አላት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ ጽፋዋለች። የሚጠራት ግን የለም። ገና ስትቀጠር ዝምታዋን አይተው ጭምቷ አሏት፣ ጭምቷ ሆና ቀረች። ስብሰባ ላይ አስተያየት ስትጠየቅ «ያው እንደተባለው ነው» ብላ ትቀመጣለች። ዝም አይነቅዝም የሚለውን የተረቱት እሷን አይተው ይመስላል።

እንግዲህ ሰሞኑን በየስልኩ የሚወራለት ስም የለሽ ጸሐፊ፣ «የበሩ ቀዳዳ» ማለት ይህቺው ሴት ናት ቢባል ማን ያምናል?

ነገሩ የመጣው ማሽኑ ሲያረጅ ነው። አንዳንድ ቀን ያሞቃል፣ አንዳንድ ቀን ያኮርፋል። ከሁሉም የሚበልጡት፣ ትልቁም ትንሹም እትዬ የሚላቸው ሴትዮ፣ ሦስት ጊዜ ስማቸውን ጽፈው፣ ፈርመው፣ ለኃላፊው አመለከቱ። ኃላፊው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጭምቷ ጥቅል መስመሩ ሳይጠቁር ወጣ። ኃላፊው በስልክ «ኦፕራሲዮን እየጠበቀ ነው፣ ያለውን ስጡ» አለ። ተላላኪዋ ጥቅሉን ይዛ ልትወጣ ስትል እትዬ ከእጇ መንትፈው መለሱት። ያን ቀን እትዬ ነበሩ። በሌላው ቀንስ?

ጭምቷ ሰው ዞር ሲል ጥቅሉን ፎቶ አነሳችው። ስሟን በአውራ ጣቷ ሸፈነች። ማታ ባሏና ልጆቿ ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ የከተማው ሰው ሁሉ በሚያወራበት ገጽ ላይ፣ ያለ ስም፣ «የበሩ ቀዳዳ» ብላ ለጠፈችው። «ይህ ጥቅል ከማሽን የወጣ ነው። መስመሩን እዩት። ነገ የማን ሆድ ይገባል?» አለች። ይኸው ብቻ። ባሏ ወገቡን ከታመመ ዓመት አልፎታል፣ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ በስሟ የምትናገርበት ምን አቅም አላት?

ማሽኑ በሁለት ቀን ተሠራ። ሦስት ማመልከቻ ያልከፈተውን በር አንድ ቀዳዳ ከፈተው። ጭምቷ በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም፤ ድስት ስታጥብ ብቻዋን ትስቅ ነበር።

ደስታዋ አልሰነበተም። «እውነት ፈላጊ» የተባለ አንድ ስም የለሽ ከፎቶው ሥር እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ይህ የግራ እጅ እጥፍ ነው። እዚያ ክፍል ግራኝ አንዲት አሮጊት ብቻ ናት።»

ጭምቷ ይህን ስታነብ ውሃ ሆነች። ሰው ሁሉ ሲጠቀልል የጨርቁን የቀኝ ጎን አስቀድሞ ያጥፋል፤ እትዬ ግራኝ ናቸውና ግራውን ያስቀድማሉ። ጭምቷ ሥራውን የለመደችው ከእሳቸው ጎን ቆማ ነው። ቀኝ እጅ ይዛ የግራ እጥፍ ተማረች። በኋላ ሌሎቹን አይታ አስተካከለችው፤ ግን ስትጣደፍ እጇ ሳያስፈቅዳት ወደ መጀመሪያ ትምህርቱ ይመለሳል። ያን ቀን ተጣድፋ ነበር። ስሟን ስትሸፍን እጇን መሸፈን ረስታለች።

ዛሬ ጠዋት ኃላፊው ስልኩን እንደ መታወቂያ ዘርግቶ ገባ። ስለ ማሽኑ ትንፍሽ አላለም፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ነገሩ።

«ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳት በዲሲፕሊን ያስጠይቃል። እርስዎ ነዎት ወይ?» አለ እትዬን።

«እጥፉ የእኔ ነው፣ ጥቅሉ የእኔ አይደለም» አሉ እትዬ።

«ሌላ ግራኝ አለ እዚህ?»

ጭምቷ የተጠቀለለ ጥቅል ፈትታ እንደገና ትጠቀልላለች።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢሮዬ መጥተው የጥፋት ማመኛው ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። አለበለዚያ ስንብት ነው» ብሎ ወጣ። እትዬ ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ነው መጸዳጃ ቤቱ። በሩን ቆልፋ ስልኩን ትከፍታለች። ስም የለሾቹ እንደ ዝናብ ይወርዳሉ። «ሠላሳ ዓመት ጥሬ መቀስ ስታቀብል ኖራ ዛሬ ጀግና!» ይላል «ተጓዥ ሰባ ሰባት» የተባለው። «ስንቱን ገድላ ይሆን?» ትላለች «የእናቷ ልጅ» የተባለችው። አንዱ የእትዬን ፎቶ ከአንድ ሰርግ ላይ ቆርጦ አምጥቷል፤ ሻሻቸውን ጠምጥመው እየሳቁ። እነዚህን ሰዎች እናውቃቸዋለን። አፍ ዳገት አይፈራም፣ ፊት የሌለው አፍ ደግሞ ገደልም አይፈራም።

ጭምቷ «እሳቸው አይደሉም፣ ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች፣ ከላይ «የበሩ ቀዳዳ»።

መልሱ ወዲያው መጣ። «አንቺ ደግሞ ማነሽ?» «አሮጊቷ ራሷ ናት እኮ፣ ሃሃሃ!» «ስምሽን ንገሪና እናምንሻለን።»

ቀዳዳው ማሽን ማሠራት ይችላል። ሰውን ነፃ ማውጣት ግን አቃተው።

ስትመለስ አጣቢዋ ምሳ ወጥታ እትዬ ብቻቸውን ቆመው ይጠቀልላሉ። ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ይላል።

«እትዬ…»

«እጅሽ ባዶ ነው፣ ጨርቅ ያዢ።»

«እኔ ነኝ።»

«አዲስ ነገር የነገርሽኝ መሰለሽ? እጥፉን ማን አስተማረሽና!»

ጭምቷ ጨርቅ ያዘች። «ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«የተጠየቅኩት ስለ ራሴ ነዋ። እርስዎ ነዎት አለኝ፣ አይደለሁም አልኩ። ማናት ቢለኝ አላውቅም ብዬ አልዋሽም፤ አልነግርህም እለው ነበር።»

«ስም የሌለው ወሬ ይጠሉ የለም እንዴ?»

«እጠላለሁ። የሚለው ያለው ፊቱን አሳይቶ ይበል ስል ነው የኖርኩት። በስሜ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ መሳቢያ በላው። አንቺ ያለ ስም ጻፍሽ፣ ማሽኑ ተሠራ። ምን ልበል? ረታሽኝ።» ጨርቁን በመዳፋቸው አለሰለሱ፣ ደግመው አለሰለሱ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እነዚያም ያለ ስም ነው የሚጽፉት። ትናንት የልጅ ልጄ አነበበችውና ‹አያዬ፣ እውነት ሰው ገድለሻል?› አለችኝ። ለሷ የትኛው ገጽ ላይ ገብቼ ነው የምመልስላት?»

ጭምቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ተነሳች። ማሽኑን ከፈተች፣ ባዶ ነው፣ ዘጋችው። ባሏን አሰበች። የትልቋን ልጇን ጫማ አሰበች። ስምንት ተኩል። እትዬ እጃቸውን ታጥበው፣ ሽርጣቸውን ፈትተው፣ ሻሻቸውን በመስታወት አስተካክለው ወጡ። ለሰርግም ለጥፋትም ሻሻቸውን አስተካክለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። «በይ እሱን ጨርሺው» አሉ በሩ ላይ፣ የተረፈውን ጨርቅ እያሳዩ።

የእርምጃቸው ድምፅ ደረጃውን ሲወጣ ጭምቷ ቆጠረች። ሃያ ሁለት ነው፤ ታውቀዋለች። አሥራ አምስተኛው ላይ ጨርቁን፣ ፕላስተሩንና ማርከሩን አፈሰችና ሮጠች።

ቢሮው ስትደርስ ሳታንኳኳ ገባች። እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም። ወረቀቱ በጠረጴዛው ጫፍ ወንበሩ ፊት ተዘርግቷል፤ እትዬ አልቀመጥም ብለው ቆመዋል።

«ምንድን ነው? ማን ጠራሽ?» አለ ኃላፊው።

ጭምቷ አፏ ቢከፈት «ያው እንደተባለው ነው» እንዳይል ፈራችው። አረንጓዴውን ጨርቅ በጠረጴዛው መሃል በፋይሎቹ ላይ ዘረጋች። የኃላፊውን የወረቀት መቀስ አንስታ መሃሉ ላይ አጋደመች። የታችኛውን ጥግ አጠፈች። ከዚያ በቀኝ እጇ፣ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዲያይ አድርጋ፣ የግራውን ጎን አስቀደመች። ቀኙን አስከተለች፣ የላይኛውን ጥግ ጠቅልላ ወተፈች። ፕላስተር ቆርጣ አሸገችው። ማርከሩን በጥርሷ ከፍታ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ «የበሩ ቀዳዳ» ብላ ጨመረች።

ኃላፊው ጥቅሉን ወደ ራሱ ስቦ አየው። ከታች ያለው ስም ገብቶታል፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ከላይ ያለው ግን አልገባውም። አሥራ አንድ ዓመት ደመወዟን የፈረመ ሰው ነው።

«ይህቺ ደግሞ ማናት?» አለ፣ ጣቱን ከላይኛው ስም ላይ አድርጎ።

እትዬ መነጽራቸውን ከሻሻቸው ላይ አወረዱ። ጥቅሉን ከፊቱ አንስተው ጥጉን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፤ ጠብቋል። ከዚያ ፕላስተሩን ወደ ብርሃን አዘንብለው የተጻፈውን ስም ከነአባቱ፣ ጮክ ብለው፣ እንደ ክፍል ስም ጠሪ አነበቡት።

«አቤት» አለች ጭምቷ፤ ወንበሩን ሳበችና ወረቀቱ ፊት ተቀመጠች።