የላይኛው ክፍል ቁልፍ

ወንበሮቹን እንደ ትምህርት ቤት በረድፍ መደርደሬ ስህተት መሆኑ የገባኝ ሰዎቹ ገብተው መቀመጥ ከጀመሩ በኋላ ነው። ከኋላ የተቀመጠው የፊተኛውን ማጅራት እንጂ እጁን አያይም። በእጃቸው ለሚያወሩ ሰዎች ደግሞ ማጅራት ምን ይሠራላቸዋል? አንድም ሰው ግን ፊቱን አላጠቆረብኝም። ፀጉር ሠሪዋ ሳቅ ብላ ወንበሯን ጎትታ አዞረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት፤ ወዲያው አንድ ትልቅ ክብ ሆነ። እኔ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ መሃል ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ልጄ በዓይኗ ብቻ "ኧረ ውጪ ከዚያ" አለችኝ።

ልጄ አትሰማም። በሕፃንነቷ ክፉ ትኩሳት ይዟት ነበር፤ ሲለቃት ጆሮዋን ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለሁለት የምሰማው እኔ ነኝ። መኪና ሲመጣ ለሁለት እሰማለሁ፣ ውሻ ሲጮኽ ለሁለት እደነግጣለሁ። አሁን ሃያ ዓመት አልፏታል። እኔ ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ተውኩ፤ እሷ ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ሌላ ሰው ታስተምራለች።

መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር የሰፈራችን ቅርንጫፍ ያለው ከእንጨት ሥራ ቤት በላይ ባለች አንዲት ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሥራ በኋላ፣ አባላቱ ይሰበሰቡና መጀመሪያ ያጠናሉ፣ ከዚያ ሻይ ጠጥተው ይጫወታሉ። ትምህርት አቋርጠው የነበሩት ለስምንተኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጁ ነው። ሂሳብ የምታስጠናቸው ልጄ ናት። እስከዚህ ድረስ ክፋት የለውም። ክፋቱ የመጣው ከቁልፉ ነው።

ቁልፉን የሚይዙት ሊቀ መንበሩ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት የሠሩ አዛውንት ናቸው። እዚያ ቤት ሰው የሚጠራው በእጅ ስም ነው፤ እሳቸውን ለመጥራት ጣትን በጥፍር ላይ ማሸት ነው፣ ከጥፍራቸው ሥር የማይለቅ ቀለም ስለነበረ። እኔ ጋሼ ቀለም እላቸዋለሁ። ጋሼ ቀለም ዓይናቸው እየደከመ ነው። ሲመሽ የሰው እጅ አይለዩም፣ እጅ ካልለዩ ደግሞ ሰው ምን እንዳላቸው አያውቁም። ስለዚህ ከፍታ የምትገባውና ቆልፋ የምትወጣው ልጄ እንድትሆን ፈለጉ። ፀጉር ሠሪዋ የምታጠባው ልጅ አላት፣ ብረት በያጁ የሚመጣው ከከተማው ዳር ነው፣ የቀረውም የየራሱ ሰበብ አለው። ቁልፉን የሚይዝ ሰው ከጠፋ የማታው ጥናት መቅረቱ ነው። ልጄማ "እሺ" ለማለት እጇን አንስታ ነበር። "እናትሽ ትፍቀድ" ስላሏት ብቻ ነው የታገሰችው።

እኔ አልፈቀድኩም። ሳምንቱን ሙሉ በእጄም በአፌም ስጨቃጨቃት ነበር።

"የሆነ ሰው ቢመጣብሽ ጮኸሽ 'ድረሱልኝ' አትይ። ማን ይሰማሻል?"

"ስልክ አለኝ፣ እማ።"

"ስልኩን ቢነጥቅሽስ?"

"አንቺ እኮ ሌባውን ከየትም ወልደሽ አሳድገሽ ነው የምትልኪብኝ።"

አባቷ ርቆ ነው የሚሠራው። ደውዬ ባማክረው "ተያት እስቲ፣ ትልቅ ሰው እኮ ናት" አለኝ። እሱ ምን ቸገረው፤ መስኮት ሥር ተተክሎ መንገድ መንገድ የሚያየው እሱ አይደለ። እናም በዚያን ቀን አብሬያት የሄድኩት፣ አፌ "ላግዛችሁ" ይበል እንጂ፣ እምቢ ለማለት የሚያበቃኝ ሌላ ምክንያት ባገኝ ብዬ ነው።

ጥናቱ ተጀመረ። ልጄ አሮጌ ጋዜጣ አንስታ አጠፈችና ለበያጁ አሳየችው። በያጁ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ቅርብ የሆነ ጎልማሳ ነው።

"ስንት ሆነ?"

"ግማሽ።"

ደግማ አጠፈችው። "አሁንስ?"

"ሩብ።"

ደግማ አጠፈችው። "የሩብ ግማሽ ስንት ነው?"

በያጁ ጣሪያውን አየ፣ ጫማውን አየ። "ጥቂት" አለ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ፀጉር ሠሪዋ ዕንባዋን እየጠረገች "ሩብ ፀጉር ይዞ የሚመጣ መላጣ ደንበኛ አለኝ" አለች፤ "እሱ ላይ እናስላው።" ልጄም ሳቀች፣ ግን አልለቀቀችውም። ጋዜጣውን እጁ ላይ አኖረችለት። "ዘርጋውና ክፍሎቹን ቁጠር።" ዘረጋው። በወፍራም ጣቱ እያንዳንዷን ክፍል እየነካ ቆጠረ፤ ስምንት ላይ ሲደርስ ጋዜጣውን ከራሱ በላይ አውለበለበው። ልጄ ጠረጴዛውን በእጇ መታች፣ "ጎሽ" ማለቷ ነው። ቤት ውስጥ ስትኮራ አይቻት አላውቅም ነበር። ለካ ስትኮራ አገጯን ወደ ላይ ታደርጋለች፣ ልክ እንደ አባቷ።

እኔ ግን ልቤ ውጭ ነበር። ከመስኮቱ ማዶ ቀኑ እየደበዘዘ ነው። መጋዘኑ ጋ ያለው የመንገድ መብራት አይበራም። በዚያ በኩል ነው የምትመጣው? ኧረ በዚያ በኩል እንዳትመጣ። ይህን ሳሰላስል አምፖሉ ብልጭ ድርግም አለ። መብራት ሊጠፋ ነው ብዬ ደነገጥኩና የጎረቤቶቹም ጠፍቶ እንደሆነ ለማየት አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። የጎረቤቶቹ ደህና ነው። ዞር ስል ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ በያጁ የሆነ ነገር ተናግሮ ወደ ወንበሩ እየተመለሰ ነው። ምን እንዳለ አልጠየቅሁም።

ጥናቱ አልቆ ጨዋታው ሲጀመር በያጁ ስለ አንድ ሰው ያወራል፣ ደግሞ ደጋግሞ እጁን ራሱ ላይ ይጭናል።

"ማን ሞቶበት ነው?" አልኳት ልጄን።

ልጄ ከንፈሯን ነከሰች። "ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ እጁን ምን ራሱ ላይ አስጫነው?"

"ስምሽ ነው፣ እማ። እዚህ አንቺን እንደዚያ ነው የሚጠሩሽ።"

ደሜ ፈላ። ይሁን እንጂ የተናደድኩ መስዬ እንዳልታይ "ሻዩን ላምጣ" ብዬ ተነሳሁ። የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ጠባብ ዕቃ ቤት አለች፤ ብርጭቆውም ፔርሙዙም እዚያ ነው። ገባሁ። ትሪውን ለማውረድ ስንጠራራ በሩ ከኋላዬ ገጭ ብሎ ተዘጋ። ልከፍተው እጄን ሰደድኩ። እጀታ የለም። እጀታው የነበረበት ቦታ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ አፏን ከፍታ ታየኛለች።

"ኧረ ክፈቱልኝ!" አልኩ።

ካልኩ በኋላ ነው የት እንዳለሁ ያስታወስኩት። ቢሆንም ጮህኩ። "የሰው ያለህ!" አልኩ። በሩን በቡጢ ደበደብኩ፣ ወለሉን ረገጥኩ። እነሱም ወለሉን ይረግጣሉ፤ በጨዋታቸው የተሳሳተ ሰው ሲኖር ሁሉም አንድ ላይ ጣውላውን በእግሩ ይመታል፣ የእኔ እርግጫ በዚያ መሃል ምን ይለያል? ከታች ያሉት አናጢዎች ዘግተው ሄደዋል። ስልኬ በቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳዬ ወንበር ላይ። ጠዋት አናጢዎቹ መጥተው ደርቄ ሲያገኙኝ ታየኝ። አባቷ ሲደወልለት፣ ልጄ ሬሳዬ ላይ ስትወድቅ፣ ሁሉም ታየኝ። አየሩ ያጠረኝም መሰለኝ፤ ከበሩ ሥር እጅ የሚያሾልክ ክፍተት እያለ።

ያን ክፍተት ሳይ ሻርፔን ከአንገቴ ፈታሁና በእሱ ገፋሁት። ጫፉን ይዤ አወዛወዝኩ። ጠበቅሁ። ደግሞ አወዛወዝኩ።

የሆነ ነገር ረገጠው። ስጎትተው ከማዶ "ኧህ!" የሚል ድምፅ ተሰማኝና ግድግዳ ተደለቀ። ከዚያ ጸጥ አለ። ከዚያ ሻርፑ ቀስ ብሎ ተጎተተ። እኔም ጎተትኩ። ሁለት ጊዜ ተጎተተ፤ እኔም ሁለት ጊዜ ጎተትኩ። እንደ ሕፃን ዕንባዬ መጣ።

በሩን የከፈተችው ልጄ ናት፤ መፍቻ ቀዳዳው ውስጥ ከትታ አዞረችው። ከኋላዋ ጋሼ ቀለም ደረታቸውን ይዘው ቆመዋል። "ከመጸዳጃ ቤት ስመለስ እግሬ ሥር ነገር ተላወሰ፤ ድመት መስላኝ ነፍሴ ልትወጣ" አሉ። በያጁ ደግሞ እጀታውን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደተቀጣ ተማሪ ቆሟል።

"ተሰብሮ ነበር፣ ልበይደው ነቀልኩት" አለኝ። "በሩን አትዝጉ ብዬ እኮ ለሁሉም ተናገርኩ። መብራቱን አብርቼ አጥፍቼ፣ ሁሉም አየኝ።"

ሁሉም አይቶታል። የማይሰማው ሁሉ ሰምቷል፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ፣ በመስኮት የጎረቤት አምፖል ስቆጣጠር።

ልጄ ሌሎቹን ወደ ክፍሉ መልሳ ዕቃ ቤቷ ውስጥ አጠገቤ ቆመች። ብርጭቆዎቹን ትሪው ላይ ትደረድራለች። አፌን ይዤ ዝም ማለት ነበረብኝ፣ ግን አላስቻለኝም።

"ጮህኩ እኮ" አልኳት። "ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ።"

"ይታየኛል፤ ፊትሽ በርበሬ መስሏል።"

"ትስቂብኛለሽ?"

"ትንሽ።" ብርጭቆውን አስቀመጠችና ሻርፑን አንገቴ ላይ መልሳ አሰረችልኝ፣ እኔ ድሮ ትምህርት ቤት ስልካት እንደማስርላት። "ሻርፑን ማን አስተማረሽ?"

"ማን ያስተምረኛል። ሌላ ምን ነበረኝ?"

ሳምንቱን ሙሉ ስትሟገተኝ የነበረች ልጅ፣ አሁን ልትረታኝ ስትችል ዝም አለች። ትሪውን አንስታ "ፔርሙዙን ያዢልኝ" አለችኝ። ብትከራከረኝ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። ዝም ስትለኝ ጊዜ አንጀቴን በላችው።

ሻዩ ተጠጣ። ጋሼ ቀለም መነጽራቸውን ጠርገው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ዓይናቸው እጄን እንዲያገኝ ወደ አምፖሉ ጠጋ አልኩላቸው።

"እናቲቱ ምን ወሰነች?" አሉኝ።

ሁሉም እጁን አሳረፈ። እዚያ ክፍል ውስጥ ዝምታ ማለት ያ ነው፤ እጅ ሁሉ ጉልበት ላይ ሲወርድ።

"በመጋዘኑ በኩል እንዳትመጣ" አልኩ። ምልክቱን እያበላሸሁት ነው። "በትልቁ መንገድ። ፀጉር ሠሪዋ እስከ መታጠፊያው ታድርሳት። ቆልፋ ስትነሳ መልእክት ትላክልኝ። ስልኳ ባትሪው ካለቀ ጥናቱ ይሰረዝ።"

"ሌላስ?" አለ በያጁ።

"አስቤ እነግርሃለሁ።"

"ኧረ አስቢ፣ እዚሁ እናድራለን።"

ጋሼ ቀለም ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ለልጄ አልሰጧትም፤ ለእኔ ዘረጉልኝ። ተቀበልኳቸውና ለተወሰነ ጊዜ መዳፌ ውስጥ ያዝኩት። ከዚያ ለልጄ ሰጠኋት። አቀፈችኝና አንገቴ ሥር ገባች፤ ከዚያ ቀና ብላ "አሁን ቀድመሽ ሂጂ" አለችኝ።

"ዛሬውኑ?"

"ዛሬውኑ። ቆልፌ እመጣለሁ።"

ሄድኩ። መታጠፊያው ላይ ካለችው ሱቅ ስደርስ እግሬ እምቢ አለ። ከባዶ የለስላሳ ሳጥኖች አጠገብ ቆምኩ፤ ከዚያ የክፍሉ በርም፣ ደረጃውም፣ መንገዱም ይታያል። ባለ ሱቁ አንገቱን ብቅ አደረገ።

"እትዬ፣ ምን ልስጥዎት?"

"ምንም፣ እያየሁ ነው።"

"ምኑን?"

"ክብሪት ስጠኝ።"

ክብሪቱን ሰጠኝ። አሁንም አልሄድኩም።

"ሌላስ?" አለ።

"ዝም በል አንተ፣ ልጄ እየወጣች ነው።"

ወጡ። በሩን ቆለፈችና ሁሉም ደረጃውን ወረዱ፤ አሁን ይበተናሉ ስል የመንገዱ መብራት ሥር ክብ ሠርተው ቆሙ። እነዚህ ሰዎች መሰነባበት የሚባል ነገር አያውቁም። ይጨባበጣሉ፣ ሁለት እርምጃ ይሄዳሉ፣ አንዱ ነገር ትዝ ይለዋል፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ያ ነገር ሌላ ነገር ይወልዳል። በያጁ አውቶቡሱ አጠገቡ ቆሞ ጥሎት ሲሄድ አየሁት፤ ግድም አልሰጠው። ፀጉር ሠሪዋ የልጇን ሹራብ ረስታ ኖሮ ልጄ ደረጃውን ወጥታ ከፈተችላት፣ መልሳም ቆለፈች። ጋሼ ቀለም ደግሞ ከዘራቸውን። ልጄ እንደገና ወጣች። እኔ ብሆን ገና በሁለተኛው እነጫነጭ ነበር፤ እሷ እየሳቀች ነው የምትወጣው።

ከዘራውን ተከትላት በወጣችው በፀጉር ሠሪዋ እጅ ላከችና በሩን ሳበችው። ቁልፉን በቀኝ እጇ ከተተች። ግራ እጇን ጣቶቿን ዘርግታ ሳንቃው ላይ ለጠፈችው፣ ሐኪም ደረት ላይ እንደሚያደርገው። ቁልፉን አዞረች፤ ብረቱ ቤቱ ሲገባ በመዳፏ ጠበቀችው። ከዚያ በትከሻዋ አንድ ጊዜ ገፋ አድርጋ ሞከረችው። በሩ ንቅንቅ አላለም።