ሁለቱ መዲናዎች

፩

«ይህ ሰው ቀድሞ ተመዝግቧል።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ። አንድን ሰው ምን እንዳደረገችው ለማወቅ ደግሞ አንድ ደብተር ሙሉ መማር ነበረብኝ።

፪

ስሜ ይርዳው ሽብሩ ይባላል፤ ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ሰው ሠራሽ እግር በሚሠራ ማዕከል የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። የታካሚዎቻችንን ዳታቤዝ ከሃያ ዓመት በፊት የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ከአንድ መጽሐፍ በቀር አስተማሪ አልነበረኝም።

ዘንድሮ ሁሉም ወደ አዲስ ፕሮግራም ይዛወር ተባለ። ለዚህ ሥራ የተቀጠረችው ባለሙያ ሐመልማል ትባላለች።

«ጋሼ ይርዳው፣ አሮጌውን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም። አዲሱን ላስተምርዎትና አብረን እናዛውረው» አለችኝ።

ዕለቱን ደብተር ገዛሁ። ሽፋኑንም በጋዜጣ ለበድኩት።

፫

ከደብተሬ፦

ክላስ — ባዶው የታካሚ ቅጽ።

ኦብጀክት — ተሞልቶ አንድ ሰው የሆነው ቅጽ።

ሜተድ — ኦብጀክቱ የሚያደርገው ነገር። ተለካ። ቀጠሮ ያዝ። ተራመድ።

ውርስ — «እግር» የሚባለው ክላስ ያለውን ሁሉ «ከጉልበት በታች» የሚባለው ይወርሳል። ያለ ፍርድ ቤት።

(የመጨረሻዋ የሐመልማል አይደለችም፤ የእኔ ናት።)

፬

በሦስተኛው ሳምንት ሐመልማል ሁለት ኦብጀክቶች ፈጠረች። የሁለቱም ስም አንድ፣ ቀበሌያቸውም አንድ ነው። «አንድ ናችሁ?» ብላ ኮምፒውተሩን ጠየቀችው።

አይደሉም አለ።

«እንዴት? ሁሉ ነገራቸው አንድ አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«መመሳሰል ሌላ፣ አንድ መሆን ሌላ ነው ጋሼ። ሁለቴ ከተፈጠሩ ሁለት ናቸው።»

ልጽፈው ብዕሬን አነሳሁ። አልጻፍኩትም።

፭

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ላቁምህ። በአሮጌው ፕሮግራም ውስጥ እንዲህ የምትል መስመር አለች፦

ስምና ቀበሌ ከተመሳሰለ አትመዝግብ።

ያኔ አንዳንድ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ እየተመዘገበ ወረፋው አስቸግሮን ነበር። ይህችን መስመር ስጽፍ ኮርቼባታለሁ። ፕሮግራሙ «ይህ ሰው ቀድሞ ተመዝግቧል» ብሎ የሚመልሳቸውን ሰዎች «ተደጋጋሚ» በሚል ዝርዝር ለብቻ ያስቀምጣል። ዝርዝሩን አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም።

ከፈትኩት።

፮

አሥራ ሰባት ስም። አንድ በአንድ አመሳከርናቸው። አሥራ ስድስቱ እውነትም ድጋሚ የተመዘገቡ ነበሩ። አንዷ ግን፦

መዲና ሰይድ፣ የ41 ዓመት፣ ግራ እግር። ተመዝግባለች።

መዲና ሰይድ፣ የ19 ዓመት፣ ቀኝ እግር። ተደጋጋሚ።

ቀኑ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው።

ሁለት።

፯

በቅጹ ላይ ስልክ ነበረ። ደወልኩ።

እኔ፦ ሄሎ፣ መዲና ሰይድን ፈልጌ ነበር።

ሴት፦ የትኛዋን?

እኔ፦ ቀኝ እግሯን የተጎዳችውን።

ሴት፦ እኔ ነኝ። ማን ልበል?

እኔ፦ ከእግር ማዕከሉ ነው የምደውለው።

መዲና፦ አንዴ ወስደሻል ብላችሁ የመለሳችሁኝ?

እኔ፦ አዎ። አልወሰድሽም ነበር። ከሌላዋ መዲና ጋር አምታተንሽ ነው።

መዲና፦ ወላሂ አልወሰድኩም ብዬ ምዬ ነበር እኮ። ሰውዬው ኮምፒውተሩን አዙሮ ስሜን አሳየኝ። ስሜን እዚያ ላይ ሳየው እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ።

እኔ፦ ሰውዬው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ፕሮግራሙንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ መዲና።

መዲና፦ ማክሰኞ ገበያ አለብኝ። ረቡዕ ብመጣስ?*

____
* ያቺን መስመር ወደ አዲሱ ፕሮግራም አላዛወርናትም። ሐመልማል ልትሰርዛት ነበር። እኔ ልሰርዛት አልኩ።

፰

ረቡዕ ጠዋት በክራንች መጣች። በአዲሱ ፕሮግራም የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ሆነች፤ መዝገቡን የከፈትኩላት በራሴ እጅ ነው። ባለሙያዎቹ በጀሶ ልኳን ወሰዱ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ አዲሱን እግሯን አድርጋ፣ እየያዙ መራመድ በሚለማመዱባቸው ሁለት ብረቶች መካከል ቆመች።

«ከበደኝ» አለች።

«ይለመዳል» አልኳት።

አንድ እጇን ለቀቀች። ቆይታ ሁለተኛውን።

አንድ።

ሁለት።

ሦስት።

ከጫፍ ስትደርስ ዞራ አየችንና ሳቀች። ሐመልማል «ሜተዱ ሠራ!» ብላ ጮኸች። እዚያ ከቆሙት ሰዎች ከእኔ በቀር ነገሩ የገባው አልነበረም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ የሄድኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

፱

በአዲሱ ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። የታካሚው መንገድ ዳገት ይሁን ጭቃ፣ ባለሙያዎቹ ለማወቅ ይፈልጉታል።

«በዚህ እግር መጀመሪያ የት ነው የምትሄጂው?» አልኳት።

መዲና በሩን አየች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ነገረችኝ።

«እንዳይጽፉት ግን፣ ጋሼ።»

«አልጽፈውም።»

መዲና ሰይድ፣ ቀኝ እግር።

መጀመሪያ የምትሄድበት ቦታ፦