ጥሩምባው የየትኛው ዘርፍ ነው?

ስሜ የተጻፈው ከጫጩት መፈልፈያ ሣጥን በታች ነው። ለባሕር ዳሩ ፌስቲቫል ከዳንግላ የሚላኩ ሰዎች በሚመዘገቡበት ቅጽ ላይ ኮሚቴው «ፈጠራና ቴክኖሎጂ» የሚል ዘርፍ ውስጥ ከቶኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ በላፕቶፕ ሙዚቃ ስሠራ ኖሬ ከዶሮ ጋር! ንዴቱ እህል ነሳኝ።

ቅጹን የያዙት አቶ መሳፍንት ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን መሰንቆ ያስተማሩ። ለአቤቱታ ብሄድ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ልጄ ሶስና፣ መሰንቆ ጣት እየላጠ ነው የሚያዜም። የአንች ቁልፍ ሲጫኑት ይጮኻል፣ ሲተዉት ዝም ይላል። ልብ የለው፣ ማሽን ነው። ይህን ኪነ ጥበብ ብዬ ከፈረምሁ ነገ ባለወፍጮውም ይመጣብኛል።»

«ሰምተውታል ግን?»

አልሰሙትም። ትንሽ አፈሩና ሐሙስ ስምንት ሰዓት አዳራሽ እንዳሰማቸው ቀጠሩኝ። «ልቤን ከነካው ዘርፉን በገዛ እጄ እቀይረዋለሁ» አሉ።

ሥራው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። የእድራችንን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ይኸነውን ለምኜ፣ ጓሯችን ውስጥ አስነፍቼ ቀድቻቸዋለሁ። ያንን ድምፅ ሳብኩት፣ ቆራረጥኩት፣ በላዩ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ደረብኩበት። ሦስት ወር በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ስሰማው ሞቱ ከውስጡ ወጥቶ፣ ለእኔ ድምፅ ብቻ ሆኖ ነበር። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው።

ሐሙስ ዕለት ላፕቶፔን ከአዳራሹ ስፒከሮች ጋር አገናኘሁ። መብራት ቢጠፋስ? ላፕቶፑ ቢደርቅስ? አዳራሹ መንገድ ዳር ነው፤ መስኮቶቹ ተከፍተዋል፣ ስፒከሮቹ ቁመቴን ያህላሉ። እንደምንም ቁልፏን ተጫንኩ።

የመጀመሪያዋ ደቂቃ ጥሩምባው ብቻ ነው። ዓይኔን ከአቶ መሳፍንት ፊት አልነቀልኩም። ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። ቀጥሎ በመዳፋቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ ሳይ ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ።

ውጭ ግን ጋሪዎቹ ቆመዋል። አንዱ ጋሪ ነጂ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «ማን ነው ያረፈው?» አለ። ከኋላው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲመጡ አየሁ። ያኔ የሠራሁት ገባኝ።

በሩን በርግዳ የገባችው እትዬ ወርቅአፈራሁ ናት፤ አዳራሹ ደጃፍ ሽንኩርት የምትሸጠው። ልጇ ኪዳኑ ከጫግኒ ወዲያ ለሥራ ወርዶ ድምፁ ከጠፋ አራት ወሩ ነው። ሰው ሁሉ «ኔትወርክ ስለሌለ ነው» ይላታል።

«ኪዳኑ ነው? ልጄ ነው? አትደብቁኝ!»

በድንጋጤ ሙዚቃውን አጠፋሁት። ዝምታው ባሰ። እሷ እንደ መልስ ቆጥራው መሬት ላይ ተዘረረች።

«እትዬ፣ ማንም አልሞተም፣ ሙዚቃ ነው» ብዬ አነሳኋት።

«የእድራችንን ጥሩምባ መለየት ያቅተኛል? እህቴ የሞተች ጊዜም እንዲህ እያላችሁ ነው ያዋላችሁኝ!»

እውነቷን ነው። እኛ አገር መርዶ በቀጥታ አይነገርም፤ ሰበብ እየፈጠሩ ያባብላሉ። ሙዚቃ ነው ባልኳት ቁጥር መርዶ እያረዳኋት ነበር። እጇን ይዤ ላፕቶፑ ፊት አቆምኳት።

«ይዩት፣ በራስዎ ጣት ይጫኑት። ሲጫኑት ይጮኻል፣ ሲተዉት ዝም ይላል። ልብ የለውም። ማሽን ነው።»

ተጫነችው። ጮኸ። ደንግጣ ለቀቀችው፤ ዝም አለ። እንደገና ተጫነች።

አቶ መሳፍንት ቅጹን ይዘው ተነሥተዋል። «ቴክኖሎጂ» የሚለውን በመስመር ሰርዘውታል፤ ዓይናቸው አሁንም ቀልቷል።

«ሶስና፣ ይህ ማሽን አይደለም። ኪነ ጥበብ ብዬ እጽፋለሁ» አሉ።

እትዬ ወርቅአፈራሁ ወደሳቸው ዞረች፤ ከዚያ ወደ እኔ። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት።

«ማሽን አይደለም አሉ እኮ!» አለች፤ ክንዴን በጥፍሯ ይዛ። «ማይልኝ!»

ሦስት ዓመት ሙሉ የምጠብቀው ብዕር ከወረቀቱ በላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«እናቴ ትሙት፣ ማሽን ነው» አልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

ክንዴን ለቀቀችኝ።