ሃያ ደቂቃ በሐጂ ሷሊህ ግቢ

ሐጂ ሷሊህ ያንን ብረት የገዙት ሳያዩት ነው። ገዳሪፍ ይኖር የነበረ አንድ መሐንዲስ አገር ሊለቅ የቤት ዕቃውን በጅምላ ሲሸጥ፣ የእሳቸው ዓይን ያረፈው ሁለት ሶፋና አንድ ትልቅ ፍሪዘር ላይ ነበር። ጭነቱ ድንበር ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ ሱቃቸው ደጃፍ ሲራገፍ ግን ከሶፋው ሥር እግሮቹን ያንፈራጠጠ፣ ወገቡ ላይ ጥቁር ከበሮ የታሰረበት፣ የመብራት ገመድ የሚጎትት ነገር ብቅ አለ።

መንገደኛው ሁሉ ቆሞ መገመት ያዘ። አንዱ የሰሊጥ ማበጠሪያ ነው አለ። ሌላው ቢላዋ መሳያ ነው ብሎ ማለ። የሐጂ ባለቤት ሩፊዳ ደግሞ፣ "ምንነቱ ሳይታወቅ እኔ ቤት አይገባም" ብላ ከጓሮው የሣር ዳስ፣ ከራኩባው ጥላ ሥር አስቀመጠችው።

ምንነቱን የነገራቸው መምህር ታጠቅ ነው። ታጠቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቱ የስፖርት መምህር ሲሆን ዕድሜው ሠላሳ አራት ነው፤ በከተማው ውስጥ ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ብስክሌት ያለው እሱ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰውነቱ ላይ የተጣበቀች ቁምጣውን ለብሶ እስከ ኮኪት ደርሶ ይመለሳል። ሲመለስ በአስፋልቱ ዳር ለተቀመጠው ሁሉ እጁን ያነሣል፤ ሰውም ያነሣለታል። ብስክሌት የሚባል ነገር ከተነሣ ዳኛው እሱ ነው።

"ያ ኡስታዝ፣ ይህ ምንድን ነው?" አሉት ሐጂ።

ታጠቅ ቁጢጥ ብሎ ከበሮውን አሽከረከረውና ፊቱ በራ። "ይህማ ሐጂ፣ የሰው ሞተር መለኪያ ነው! የብስክሌቱ የኋላ ጎማ እዚህ ላይ ያርፋል። ብስክሌቱ ንቅንቅ አይልም፣ እርስዎ ግን ይጋልባሉ። ጉልበትዎ ስንት ዋት እንደሆነ በዚህች ማሳያ ላይ ይወጣል።"

"እንደ ትራክተር? በፈረስ ጉልበት?"

"ልክ እንደ ትራክተር።"

"አንተ ስንት ፈረስ ትሆናለህ?"

ያን ጊዜ ዝም ቢል ኖሮ ምንም አልነበረም። ግን አሥር አሥራ ሁለት ሰው ከቦት ነበር። ታጠቅ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ "ሦስት መቶ ዋት አላጣም" አለ።

"እሱ ስንት ፈረስ ነው?"

"ግማሽ ፈረስ... ትንሽ ይጎድለዋል።"

ሐጂ ከላይ እስከ ታች አዩት። "ይህን ሁሉ ቅዳሜ ስትጋልብ ከርመህ ግማሽ ፈረስም አልሞላህ?" አሉና ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ታጠቅም ሳቀ። በመጪው ቅዳሜ ጧት ሁሉም መጥቶ እንዲያይ ቀጠሮ ሰጠና ሄደ።

ጊዜው 2006 ዓ.ም. መጋቢት ነበር። የመተማ መጋቢት ገና በሁለት ሰዓት ቆርቆሮ ያስጮሃል። ሐጂ የሱቃቸውን ማራገቢያ አውጥተው ከብስክሌቱ ፊት ገተሩለት። መሐንዲሱ የፈተናውን ሥርዓት በዓረብኛ ጽፎ ብረቱ ላይ ለጥፎት ስለነበር አንባቢዋ ሩፊዳ ሆነች፤ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ቆማ ጮክ ብላ አነበበች።

"መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ሰውነትህን አሟሙቅ። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያለህን ሁሉ ስጥ። ነገር ግን ሲጀመር አትጣደፍ ይላል።"

"አውቀዋለሁ" አለ ታጠቅ፣ ተጣድፎ እየወጣ።

ማሳያዋ በመጀመሪያው ደቂቃ ሦስት መቶ ሰማንያ አሳየች። ሰዉ አጨበጨበ። በሦስተኛው ደቂቃ ሁለት መቶ ሰባ ሆነች። በስድስተኛው ማራገቢያው የሚነፋው አየር ከዳቦ ቤት ምድጃ የሚወጣ መስሎ ተሰማው። ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ ከሥሩ ኩሬ ሠራ፤ ጭኑ የራሱ መሆኑን ተጠራጠረ።

"ስንት ደቂቃ ቀረ?" አለ እያለከለከ።

"ስምንት" አለች ሩፊዳ።

ዘመን የሚያህል ጊዜ ጋለበ። "አሁንስ?"

"ስምንት።"

ሃያው ደቂቃ ሲሞላ ታጠቅን ከብስክሌቱ ያወረዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። የሃያው ደቂቃ አማካይ መቶ ሰባ ስድስት ወጣ። ሩፊዳ ወረቀቷን ቀጠለች፤ ከዚህ ላይ ከመቶ አምስት እጅ ይቀነሳል። መቶ ስድሳ ሰባት። ከዚያ ለኪሎ ይካፈላል።

"ኪሎየ ሰባ ሁለት ነው" አለ ታጠቅ መሬት ላይ እንደ ተዘረረ።

ሐጂ ግን በግምት አላምን ብለው የሰሊጥ ጆንያ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ አወጡት። ሰማንያ አራት።

"ስለዚህ ለአንድ ኪሎ ሁለት ዋት እንኳ አልሞላም" አለች ሩፊዳ፣ በወረቀቱ ላይ ባለው ሰንጠረዥ ጣቷን እያስኬደች። "ከሁለት በታች... ሙብተዲ ይላል።"

"ምን ማለት ነው?"

ልቧ አልጨከነበትም። "ጀማሪ። ገና የሚጀምር፣ ተስፋ ያለው ሰው ማለት ነው" አለችው። ተስፋ ያለው የሚለውን ከራሷ ነበር የጨመረችው።

ሰኞ ተማሪ ቤት ሲገባ ሙብተዲ የሚለው ስም ቀድሞት ገብቶ ነበር። የጥበቃው ሠራተኛ ሳይቀር በር እየከፈተለት "ደኅና አደርክ ሙብተዲ" አለው። ታጠቅ ሙሉ ቀን ሲበግን ውሎ ማታውኑ ሐጂ ዘንድ ሄደ።

"ሐጂ፣ መሣሪያው ተበላሽቷል። በጭነት ላይ ተንገላቶ ልኩን ስቷል። ሌላ ሰው እንለካበትና ያዩታል፤ የማይሆን ቁጥር ነው የሚሰጠው።"

ሐጂ ደስ አላቸው፤ ፈተና ባለ ቁጥር ተመልካቹ ከሱቃቸው ቀዝቃዛ ለስላሳ ገዝቶ ይጠጣል። አንድ ደንብ ብቻ ታጠቅ ጨመረ፤ ተፈታኝ ውጤቱን ማየት የለበትም፣ ማሳያዋን መምህሩ በእጁ ይይዛል። እናም በዚያ ሳምንት የጫኝ አውራጁ አለቃ ሰማኸኝ ወጣ። አንድ ደቂቃ እንደ ነብር ጋለበ፤ አራተኛው ደቂቃ ላይ ወርዶ ሶፋው ላይ ተኛ። አንድ ፖሊስም ወጣ፤ አንድ ጉምሩክ አስፈጻሚም ወጣ። ችግሩ መሣሪያው ለሁሉም ልክ የሚመስል ቁጥር መስጠቱ ነበር። የጠነከረው ይበልጣል፣ የደከመው ያንሳል። ታጠቅ ተስፋው እየመነመነ ሄደ።

ዓርብ ጧት ሲስተር ጥሩአየሁ መጣች። ሲስተር የጤና ጣቢያ ነርስ ነች፤ ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ ሣቋ ግን ድንገተኛ። በሳምንት ሁለት ቀን የክትባት ሳጥኗን ከኋላ አስራ በከባዱ የቻይና ብስክሌት እስከ ኮኪት መንደሮች ትዘልቃለች። ስትነሣ ለሳጥኑ የሚሆን በረዶ ከሐጂ ፍሪዘር ትወስዳለች።

"ሲስተር፣ አንችም ተለኪ እንጅ!" አለቻት ሩፊዳ።

"እኔ? ሥራ አለብኝ።"

"ሃያ ደቂቃ ነው።"

ጥሩአየሁ ብስክሌቱን አየችው። "ዳገት አለው?"

"የለውም።"

"ነፋስስ?"

"ማራገቢያው ብቻ።"

"እሱማ ዕረፍት ነው" አለችና ቀሚሷን ከሱሪዋ በላይ ሰብስባ ወጣች።

አልተጣደፈችም። እንደ ልብስ ስፌት መኪና በአንድ ልክ ትረግጣለች። በመካከሉ ሩፊዳን የልጇ ትኩሳት ተሻለው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ታጠቅ በእጁ የያዛትን ማሳያ አንዴ አየ፣ ዓይኑን አሸት አድርጎ ደግሞ አየ። አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ አማካይዋ መቶ ዘጠና አራት ነበር፤ ሴትየዋ ደግሞ ከሃምሳ ኪሎ ብዙም አትርቅ።

ያን ጊዜ መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቀስ ብሎ ቆመ፤ ማሳያዋም ጨለመች።

"ወይኔ በረዶየ!" አለች ጥሩአየሁ፣ ዘልላ ወርዳ። ሳጥኗን አሰረችና ማንም ሌላ ነገር ሳይላት ሄደች።

"ስንት ደርሳ ነበር፣ ኡስታዝ?" አሉ ሐጂ።

ታጠቅ አፉን ከፈተ። ሰው ሁሉ ያየዋል። ሰማኸኝ ከሶፋው ቀና ብሎ ይጠብቃል። አንድ ሳምንት ሙሉ የሰማው ስም በጆሮው አቃጨለ።

"ዘጠና አካባቢ" አለ።

"እሷም ሙብተዲ ናታ" አሉ ሐጂ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ለታጠቅ ግን አላለቀለትም። እሑድ ከሰዓት በየዓመቱ የሚመጣውን የስፖርት ጽሕፈት ቤት ቅጽ ለመሙላት ተቀመጠ። ግንቦት ውስጥ ጎንደር በሚደረገው የብስክሌት ውድድር ላይ ወረዳው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይልካል። በወንዱ ቦታ ሁልጊዜ የራሱን ስም ይጽፋል። በሴቷ ቦታ አራት ዓመት ሙሉ "አልተገኘችም" ብሎ ጽፏል። ዘንድሮም እስክሪብቶውን አነሣና "አል" ብሎ ቆመ። ከዚያ በላይ እጁ አልሄድልህ አለው። ወረቀቱን ቀዶ ጣለውና ሌላ አወጣ፤ እሱንም ባዶውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ማክሰኞ ጧት ክፍል አልነበረውም። ጥሩአየሁ ከከተማ ስትወጣ ጠብቆ በውድድር ብስክሌቱ ከኋላዋ ተነሣ። ሐሳቡ መንገድ ላይ ደርሶባት፣ ሰው በሌለበት፣ ጎን ለጎን እየሄዱ እውነቱን መንገር ነበር። የጤና ጣቢያው ነጭ ሳጥን ከፊቱ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ይታየዋል። ጥርሱን ነክሶ ረገጠ። ሳጥኑ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ነው። ጎንበስ ብሎ ማርሽ ቀየረ። ሳጥኑ ሦስት መቶ ሜትር ላይ ነው።

"ሲስተር!" ብሎ ጮኸ። ሰሊጥ ማሳ ዳር የቆመ የቀን ሠራተኛ እጁን አነሣለት። ሳጥኑ ግን ዞር አላለም።

ኮኪት ሲደርስ ጥሩአየሁ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ሁለት ሕፃናት ከትባ ሦስተኛውን ይዛ ነበር። ታጠቅ ብስክሌቱን ዛፉ ላይ አስደግፎ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ። እናቶቹ ውኃ ሰጡት።

"ሲስተር፣ አንድ ነገር በድየሻለሁ" አለ በመጨረሻ። "ያን ቀን ዘጠና አልነበረም። መቶ ዘጠና አራት ነበር። የእኔ መቶ ሰባ ስድስት ስለሆነ... አፈርኩ።"

ጥሩአየሁ የሕፃኑን ክንድ በጥጥ ይዛ ቀና አለች። "አውቃለሁ።"

"ከየት ታውቂያለሽ?"

"ሩፊዳ ከኋላህ ቆማ አይታዋለች። በዚያው ቀን ነገረችኝ። ራሱ ይናገር እንደሆነ እንየው ብለን ተውንህ።"

ታጠቅ መሬት መሬት አየ። "ዛሬ ስጠራሽ ሰምተሽኝ ነበር?"

"ከድልድዩ ጀምሮ" አለችና ያ ድንገተኛ ሣቋ መጣ። "ትንሽ ልፋ ብየ ነው!" ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ፤ እናቱም አብራ ሳቀች።

ታጠቅ ቅጹን ከኪሱ አወጣ፤ በላብ ርሷል። "ጎንደር ትሄጃለሽ? ብስክሌቴን እሰጥሻለሁ። ኮርቻውን ዝቅ አደርገዋለሁ። እኔ አሠልጣኝሽ እሆናለሁ።"

"አንተ? የምታሠለጥነኝ ከኋላየ እየመጣህ ነው?"

"ከኋላሽ እየመጣሁ ነው" አለ ታጠቅ፣ ከልቡ።

በዚያው ሳምንት ሰው በተሰበሰበበት ደግማ ተለካች። መብራቱም አልጠፋም። ከመጀመሯ በፊት ታጠቅ ከሶፋው ላይ ቆሞ የዋሸውን ነገር በራሱ አፍ ተናገረ፤ ሐጂም "አላህ ይቅር ይበልህ፣ ለእኔ ግን የሁሉንም ለስላሳ ትገዛለህ" አሉት። ከመቶ አምስት እጁ ተቀንሶ ውጤቷ መቶ ሰማንያ ስምንት ዋት ወጣ፤ በሰሊጡ ሚዛን ሃምሳ አንድ ኪሎ። ሩፊዳ ሰንጠረዡን ወደ ላይ እየወጣች አነበበች፤ ሦስት መስመር ተሻገረች፤ እልልታዋን ስታቀልጠው ጀርባዋ ላይ የተኛው ልጅ ነቃ። ታጠቅ ቅጹን እዚያው ሞላ። በሴቷ ቦታ የጥሩአየሁን ስም ጻፈ። በወንዱ ቦታ "ዘንድሮ አልተገኘም" አለ።

ጎንደር ላይ ከአሥራ ዘጠኝ ሴቶች አራተኛ ወጣች። ዳገቱ አላስቸገራትም፤ ያስቸገራት ብርዱ ነበር። ከቆላ የወጣ ጣቷ ደንዝዞ ፍሬኑን መያዝ አቅቷት፣ ዳገት ላይ የቀደመቻቸው ሦስቱ ቁልቁለቱ ላይ መልሰው ቀደሟት። ታጠቅ መጨረሻው ላይ ጃኬቱን አውልቆ ሲጠብቃት፣ መጀመሪያ ያለችው "ይህ አገር የሚዘጋ በር የለውም እንዴ?" ነው። ሰርተፍኬትና አንድ ፔርሙዝ ሰጧት።

በነጋታው በአውቶቡስ ሲመለሱ ሸሕዲ ላይ ተሳፋሪው ምሳ ሊበላ ወረደ። ሙቀቱ በመስኮት እንደ ገባ ጥሩአየሁ ጃኬቱን አወለቀች፣ ሹራቡንም አወለቀች፣ ጣቶቿን አፍታታች።

"ብስክሌቱን ከጣሪያ አስወርድልኝ" አለችው።

"ለምን?"

"ከዚህ በኋላ አገሬ ነው። በራሴ ልሂድ።"

ታጠቅ ተከራከረ፣ ተሸነፈ፣ አስወረደላት። አውቶቡሱ ምሳውን ጨርሶ ከኋላዋ ተነሣና ከኮኪት ወዲያ ደረሰባት፤ ተሳፋሪው በመስኮት ጮኾላት አለፈ። ትንሽ እንደ ሄዱ ኬላው ላይ አስቆሟቸው፤ ፈታሾች እያንዳንዱን ሻንጣ ያስከፍቱ ጀመር። ታጠቅ ሻንጣዋንና ፔርሙዙን ጭኑ ላይ አድርጎ ተራውን ሲጠብቅ የብስክሌት ደወል ሰማ። በመስኮት ብቅ ቢል ጥሩአየሁ በቆመው አውቶቡስ ጎን እየከነፈች ታልፋለች፤ ለፈታሾቹም ለእሱም እጇን አነሣችና ወደ መተማ ዮሐንስ ነጎደች።