እንቁላሉ እስኪሄድ

ባሌ መኳንንት በግማሽ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ሲወድ ልክ የለው፣ ሲጣላ ልክ የለው፣ ሲበላማ ተዉት! ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት ከፍተን ስንሠራ፣ ከየደንበኛው ገበታ ጉርሻ እየተቀበለ ሆዱን አወጣው። "እምቢ ብዬ ሰው ላስቀይም?" ይለኛል። በኋላ ስኳር በሽታ ያዘው።

ሐኪሟ ኬንያዊት ናት፣ ረጋ ያለች ሴት። "ከሁለት እንጀራ አንዱን ተው። ማታ ማታ ትንሽ ተራመድ። ኢንሱሊን ከተወጋህ ግን የግድ ብላ፤ ባዶ ሆድህን እንዳትወጋ። ፖሌ ፖሌ" አለችው። ቀስ በቀስ ማለቷ ነው።

እሱ የፈራው ለእግሩ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሙ በዚሁ በሽታ እግሩን ተቆርጧል። ያንን አይቶ ከመጣ ወዲህ ሲተኛ ካልሲውን አውልቆ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይዳብሳል።

እኔም አብሬው ጀመርኩ። አመሻሽ ላይ ምግብ ቤቱን ለልጃችን ለሐሊና ትተን እስከ ፓንጋኒ ሰፈር በእግራችን ደርሰን እንመለሳለን፤ በማታቱ ታክሲዎች ጥሩንባ እየደነገጥን፣ እየተጨቃጨቅን፣ እየሳቅን። ከተጋባን እንደዚያ አውርተን አናውቅም። ጉርሻ ሲመጣበትም "ሐኪም ከልክሎኛል" ማለት ለመደ። ስኳሩ ትንሽ ወረደ። ሐኪሟ ደስ አላት፤ እሱ ግን "ትንሽ!" ብሎ አኮረፈ።

በዚህ መሃል የልብ ጓደኛው ባልቻ ከሳውዝ ሲ ሰፈር መጣ፣ ያ ሁሉ ሆዱ ጠፍቶ። "ውሃና ሎሚ ብቻ! ወንድ ልጅ ከወሰነ ወሰነ ነው" እያለ ምግብ ቤታችን መሃል ቆሞ የሰፋውን ሱሪ ሳብ እያደረገ አሳየን። የመኳንንት ዓይን በራ። እኔን ፍርሃት ፍርሃት አለኝ።

በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ማግስት ቁርሱን ገፋው።

"ከዛሬ ጀምሮ እህል አልነካም።"

"መርፌውስ?"

"መርፌውማ እንዴት ይቀራል?"

"አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ባዶ ሆድህን እንዳትወጋ አላለችህም? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እንቁላሉ እስኪሄድ የኔ እግር ይቆረጣል፣ አያልነሽ።"

ለመንኩት፣ ተጣላሁት። የነፍስ አባታችንን ጠራሁበት። "ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በሽተኛን ጹም አትልም" ሲሉት "አባ፣ ይሄ ጾም አይደለም፣ ውሳኔ ነው" አላቸው። ሐሊና ከሐኪሙ ጋር በስልክ አገናኘችው፤ ሐኪሟ ተቆጣችው፣ "እሺ፣ እሺ" አላት። እሺ ማለት ለሱ ምኑ ነው! ያስቀመጥኩለትን ሰሃን እንደተከደነ አነሳለሁ።

አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ሂሳብ መቀበያው ጋ እንደቆመ ላብ አጠመቀው። "መኳንንት!" ስለው እንደማያውቀኝ አየኝና ወደቀ። ስኳር በጣቴ ላስልሰው ብል ጥርሱን ነክሶ አልከፍት አለኝ። ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ። ሐኪሞቹ ስኳሩ ከመጠን በላይ ወርዶ ነው አሉኝ። እኔ ግን ስሙን አውቀዋለሁ፣ ረሃብ ነው። ባሌ በገዛ ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ጥብሱ እየጨሰ፣ በረሃብ ሞተ። ይሄ ለማን ይነገራል?

ሳይገንዙት በፊት እግሮቹን ገልጬ አየሁ። ሁለቱም ደህና ነበሩ። ጭረት እንኳ አልነበረባቸውም።

በሣልስቱ ባልቻ ለቅሶ መጣ። ሆዱ ተመልሷል፤ እንዲያውም ጨምሯል። አልቅሶ ሲያበቃ ጎረቤት ያመጣው ምግብ ቀረበ። ሁለተኛ እንጀራ ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ደንግጦ እጁን ሰበሰበ።

"ብላ እንጂ ባልቻ" አልኩት። "እሱም በልቶ ቢሆን ኖሮ፣ ይሄኔ ፓንጋኒ ደርሰን እየተመለስን ነበር።"