የኪፕ ዐሥራ ሰባተኛ ፍቺ

...እና ገባች፣ በሩ ተዘጋ፣ እኔ ውጭ ቀረሁ፣ አግዳሚው ወንበር እንደ ድንጋይ ነው፣ ጭኔ ላይ ለእርማት የመጡ አራት የመዝገበ ቃላት ገጾች አሉ፣ ሰው ልጁን ሐኪም ቤት ሲያመጣ ውሃ ይይዛል፣ ብርቱካን ይይዛል፣ እኔ የእንግሊዝኛ ቃል ይዤ መጣሁ። አንድ ቃል። ኪፕ። አራት ገጽ ሙሉ ኪፕ፣ እስከ ዐሥር ሰዓት ማተሚያ ቤት ካልደረሰ ዋና አዘጋጁ በቁሜ ይቀብረኛል፣ ይቅበረኝ፣ ዛሬ ለእሱ ማን ግድ አለው።

ዶክተሩ ፊት ላይ ምንም አይነበብም። ሰላም ነው አባት አለኝ፣ ሰላም ነው፣ ልግባ ወይ ልል ስል ልጄ ቀደመችኝ፣ አንተ እዚህ ሁን አባዬ፣ በጥሩ ድምፅ ነው ያለችኝ፣ ለጎረቤት በሚነገር ጥሩ ድምፅ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ደግሞስ መቼ እሷ ፈልጋ አመጣችኝ፣ አክስቷ ናት፣ እህቴ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ዛሬ የሙሽራ ልብስ አስረክባለሁ፣ ውጤቷን ስትሰማ ብቻዋን አትሁን፣ አንተ አብረሃት ሂድ፣ አፍህን ግን ሰብሰብ አድርግ ብላ የላከችኝ። ምትክ ነኝ። ለገዛ ልጄ ምትክ።

ሁለት ዓመት። ሁለት ዓመት ነው ከዚህች ቃል ጋር ስፋጠጥ የኖርኩት፣ ሰው ሲሰማ ይስቃል፣ ጎረቤቴ ሾፌሩ፣ ኪፕ ምን አላት ጋሼ፣ መያዝ፣ መጠበቅ፣ አለቀ! ለዚህ ነው ደሞዝ የምትበሉት? አይ ወንድሜ። ቃሉን ጠበቀ ትላለህ፣ ዶሮ ሲሆን ግን አረባ ትላለህ፣ ወተቱ አያድርም ይበላሻል ስትል እዚያም ኪፕ አለች፣ መልሱን ያዘው ስትል አለች፣ ከሣሩ ራቅ፣ ዝም በል፣ ሂድ አትቁም፣ ሁሉም ውስጥ አለች፣ እንግዳ ደጅ ላይ ስታቆም እሷው፣ በሽተኛዋ እዚህ ትደር፣ አንለቃትም ሲሉ እሷው፣ ይህችን አሁን ባላስታወስኳት። ባላስታወስኳት ምናለ። እንዲያድሩ የሚባሉት በየትኛው በኩል ነው የሚወጡት፣ በዚሁ በር ነው ወይስ ከውስጥ ሌላ በር አለ?

መሥሪያ ቤታችን ሕግ አለው፣ ለእያንዳንዱ ፍቺ አንድ ካርድ፣ ካርዱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ዓረፍተ ነገሩ ከሕያው ሰው አፍ የወጣ፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ቀን፣ ቦታ። ፈጥሮ መጻፍ ክልክል ነው። ከትዝታ መጻፍም ክልክል፣ ዋና አዘጋጁ ጠረጴዛ እየደበደበ፣ ትኩስ እያለ ጻፉት፣ ካደረ የእናንተ ነው የሚሆነው፣ ታሳምሩታላችሁ! ስለዚህ የሁላችንም ኪስ በካርድ ያበጠ ነው፣ ቀብር ላይ እንጽፋለን፣ ሠርግ ላይ እንጽፋለን፣ አንዱ ባልደረባችን ሚስቱ ስትሰድበው ቀስ እያልሽ የኔ እመቤት ብሏታል አሉ፣ ስንቴ ስቀናል በዚህ ነገር፣ ሆዳችንን ይዘን፣ እኔ ከሁሉም በላይ።

ያቃተኝ ዐሥራ ሰባተኛው ፍቺ ነበር። ነገርን ለሰው ሳይናገሩ ለራስ ማቆየት። ምስጢር ጠበቀ ማለት አይሆንም፣ ያ የሌላ ሰው ምስጢር ነው፣ እኔ የፈለግኩት የራስን ነው፣ ውስጥ ውስጡን የሚበላውን። ሆድ ይፍጀው የሚለውን አስቤ ነበር፣ እሱ ግን ተረት ሆኖ ደርቋል። ሁለት ወር ጆሮዬን አቁሜ ዞርኩ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ምንም። ከዚያ ያ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤት፣ እናቷ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን፣ ልብስ ትተኩሳለች፣ ካውያውን ታቆመዋለች፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች፣ አባዬ፣ ሦስት ወር ሙሉ በሆዴ ይዤው የከረምኩት ነገር አለ።

የከረምኩት! በሆዴ! ወይ ደስታዬ፣ ወይ ድንቁርናዬ። እጄ ኪሴ ገባ፣ እኔ አላዘዝኩትም፣ ቆይ ቆይ ቆይ አልኳት፣ የቆየሁት ነው የከረምኩት ያልሽው? ታየኛለች። ድገሚያት እስቲ የኔ እናት። ደገመችልኝ! ይኸው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ እሱ ነው፣ ደገመችልኝ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ አስተማሪ እያስጻፈችኝ፣ በሆዴ፣ ይዤው፣ የከረምኩት። ጻፍኩ። ሴት፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መኖሪያ ቤት። ከዚያ ቀና አልኩና፣ እሺ፣ ምንድን ነው ነገሩ? ምንም አለች፣ ሸሚዝህ አንገትጌው አልቋል ልልህ ነው።

እና አመንኩ። አንገትጌ ሦስት ወር በሆዱ ይዞ የሚከርም ማነው? ቃሉን እንጂ ነገሩን መች ሰማሁት። ሰኞ ሸሚዝ ገዝቼ መጣሁ፣ ለብሼ ፊቷ ቆምኩ፣ እንዴት ነው አልኳት፣ ያምርብሃል አለች፣ ፈገግ ብላ። እኔም ተንጎራደድኩ፣ እንደ ሙሽራ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

እብጠቱ ያኔ ባቄላ ነበር የሚያህለው። ይህን የነገረችኝ እህቴ ናት፣ ከአምስት ወር በኋላ፣ መሥሪያ ቤት ድረስ መጥታ፣ ወንድሜ ተቀመጥ፣ ተቀምጫለሁ እኮ፣ ልጅህ ነገ ቀዶ ሕክምና አላት፣ ጡቷን ሊያነሡት ነው። ለምን አልነገረችኝም? እህቴ አየችኝ፣ እንዲህ አድርጋ አይታኝ አታውቅም፣ ልነግረው ጀምሬ እሱ ጻፈው ነው ያለችኝ አለች። ጻፈው። ከዚያ አምስት ወር ለማንም ትንፍሽ ሳትል፣ አንዴ ደፍራ አፏን ከፍታ፣ ሰው ስንት ጊዜ ይደፍራል? ያኔ መጥታ ቢሆን ትንሿ እብጠት ብቻ ወጥታ ጡቷ ይተርፍ ነበር፣ ይህን ያለው ዶክተሩ ነው፣ ሲለው ወደ እኔ አላየም፣ ምን ያውቃል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይሉኛል፣ ሊያጽናኑኝ፣ አይታፈስማ፣ ያፈሰሰው ማነው ነው ጥያቄው።

አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ነርሷን ይዘዋል፣ ልጄ፣ እኔ እኮ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ተገትሬ ነው የዋልኩት፣ ተገትሬ የዋልኩት፣ እጄ ኪሴ ገባ። ገባ! አይ አንተ እጅ፣ አንተ ውርጋጥ፣ እዚህም? ኪሱ ባዶ ነው፣ ተመስገን፣ ጠዋት ስወጣ ካርዱንም እስክሪብቶውንም ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ነው የወጣሁት፣ ለራሴ ምዬ። እርማት ይዞ ያለ እስክሪብቶ የሚሄድ አራሚ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ናት። አላይም ብዬ ነበር፣ አያለሁ። ሦስት ወር ሙሉ በሆዴ ይዤው የከረምኩት ነገር አለ። በተጋደመ ፊደል፣ አንድ ግድፈት የሌላት። ዋና አዘጋጁ ከመጽሐፉ ሁሉ ይህችን ነው የምወደው ብሏል፣ ከየት አገኘሃት፣ ከቤት፣ ታድለህ! መጽሐፉ ይወጣል፣ ተማሪ ያነበዋል፣ ነገሩ ግን ምን ነበር፣ ለማን ነገረችው፣ ዳነች ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ምሳሌ ነዋ፣ ምሳሌ አይታመምም።

እነሣለሁ። የሐኪም ቤቱ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ እስክሪብቶ አለ፣ እንዳይሰረቅ በሲባጎ አስረውታል፣ ገጹን እዚያው እዘረጋለሁ፣ ከኋላዬ ሰልፍ ነው፣ አባባ ይጨርሱ እንጂ፣ አንዱ ሰውዬ ደግሞ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ መጻፍ ካቃተዎት ልጻፍልዎት? ለእኔ! መጻፍስ አላቃተኝም ወንድሜ። እሰርዛለሁ፣ ሲባጎው አጠረ፣ ገጹን ጠጋ አደርገዋለሁ፣ እሰርዛለሁ። በቦታዋ ምን ልተካ፣ ጉዳዩን ለማንም ሳይገልጽ ለራሱ ያዘው? እንጨት። ባዶዋን ትውጣ፣ ዐሥራ ሰባተኛው ፍቺ ያለ ምሳሌ ይቅር፣ አለቃዬ ይፎክር። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። ምንም። ልጄ እንደሆነ ዓረፍተ ነገሯ መጽሐፉ ውስጥ መግባቷንም መውጣቷንም አታውቅ፣ ለማን ብለህ ነው የሰረዝከው ሰውዬ፣ ለራስህ፣ ሁሌ ለራስህ።

ስንት ሆነ። ሃያ አምስት ደቂቃ። ደህና ነሽ ለማለት ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል? ወይስ ክፉውን ነው ቶሎ የሚናገሩት፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ስትወጣ ምን አሉሽ አልላትም፣ ዝም ነው፣ እሷ ትጀምር፣ ስለ ፈለገችው ታውራ፣ ስለ ዝናቡ ታውራ፣ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ እኮ፣ አልጋዋ አጠገብ ቆሜ፣ ይቅር በይኝ አልኳት፣ ይቅር ብዬሃለሁ አባዬ፣ ምን ችግር አለው አለች፣ ከሆስፒታል ስትወጣ ግን ዕቃዋን ወደ አክስቷ ቤት ነው ያስጫነችው። ተጣልተን አይደለም። ትደውላለች፣ በላህ ወይ፣ ጉልበትህስ ትላለች፣ ብቻ ዓረፍተ ነገሯ አጠረ፣ አዎ፣ ደህና፣ እሺ፣ በቃ፣ ያቺ ወሬዋ የማያልቅ ልጅ፣ ተኝታ እንኳ የምታወራ፣ ከእኔ ጋር ስትሆን ቃል እየለካች ታወጣለች። ልጄ እኔን ትጠነቀቃለች።

በሩ። ወጣች፣ ወረቀት ይዛለች፣ ፊቷ ምን ይላል፣ ስድሳ ዓመቴ ነው፣ አራት ቋንቋ አነባለሁ፣ የልጄን ፊት ማንበብ አልችልም። ሸሸት እልላታለሁ፣ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ትከሻዋ ይነካኛል፣ ዝም በል፣ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ፣ ትጀምር። አፏን ትከፍታለች። ታየኛለች። መልሳ ትዘጋዋለች፣ ስልኳን ታወጣለች።

ይጠራል፣ ከዚህ ይሰማኛል፣ የእህቴ የስፌት መኪና ሲቆም ይሰማኛል። አክስትዬ፣ ትላለች፣ አክስትዬ ንጹህ ነው፣ ምንም የለም አሉኝ፣ ከእንግዲህ በዓመት አንዴ ብቻ ነይ አሉኝ፣ እያለቀስኩ አይደለም፣ እሺ ትንሽ እያለቀስኩ ነው፣ ትናንት እኮ ዓይኔን ሳልከድን ነው ያነጋሁት፣ ሞትን ፈርቼ እንዳይመስልሽ፣ እኔ ከሞትኩ እሱን ማን ያየዋል እያልኩ፣ ሻይ አፍልቶ ምድጃውን ማጥፋት እንኳ እየረሳ፣ ትላለች፣ ረጅም፣ ሳታቋርጥ፣ እንደ ድሮዋ፣ እሱ የምትለው እኔን ነው፣ ትከሻዋ ትከሻዬ ላይ ሆኖ እሱ ትለኛለች፣ ዳነች፣ ልጄ ዳነች፣ እጄን አጣጥፌ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ፣ እንባዬ ሸሚዜ ላይ ይወርዳል። አዎ አለ፣ ትላለች፣ እዚሁ አጠገቤ ነው፣ አይ፣ አልነገርኩትም፣ አንቺው ንገሪው፣ እንካ። ስልኩን ትሰጠኛለች፣ ሞቋል፣ ጆሮዬ ላይ አደርገዋለሁ፣ እህቴ ከመጀመሪያው ትነግረኛለች፣ እኔም ምንም እንዳልሰማ ሰው፣ እሺ፣ እሺ፣ እላለሁ።